ሆስፒታሉ የማይከፍለው የቤት ግብር
(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



እዚህ ኢሊኖይ በየዓመቱ የምንከፍለው የቤት ግብር ትምህርት ቤቱንም እሳት አደጋውንም ያስተዳድራል። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ግን ከዚህ ነፃ ነው። ታዲያ የሱ ድርሻ የት ይሄዳል? በእኛው ላይ ይደለደላል እንጂ። ነፃ የተደረገውም እንዲያው አይደለም፤ ድኻ እንዲታከምበት ነው።

በኧርባና ከተማ የፕሮቪና ኮቨናንት ሆስፒታል ነገር ይኸንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. 1.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ግብር እንዲቀርለት ሲጠይቅ፣ ለችግረኛ ያወጣው 831,724 ዶላር ነበር። ወደ 110,000 ከሚጠጋው ታካሚ እርዳታውን ያገኙት 302 ናቸው። በዚያ ዓመት ባወጣቸው ማስታወቂያዎች ላይ ስለ ነፃ ሕክምና አንዲት ቃል አልነበረችም! ሰው ያልሰማውን እንዴት አድርጎ ይጠይቃል? የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ነፃነቱን ነፈገው። በ2012 የወጣው ሕግ ደግሞ ልኩን አበጀ፤ ሆስፒታሉ ለችግረኞች የሚሰጠው አገልግሎት ዋጋ ይደርስበት ከነበረው ግብር ማነስ የለበትም።

እንግዲህ ቢል ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አትደብቁት። «ልመና ነው፣ ያሳፍራል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልመና አይደለም፤ የከፈልንበት ነው። ተከራይም ብትሆኑ ግብሩ ኪራያችሁ ውስጥ አለ እኮ! የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለው ሆስፒታል የእርዳታ ደንቡን በጽሑፍ እንዲያወጣ ያስገድዳል። ከሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከመጣበት ቀን አንሥቶ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከቻ መቀበል አለበት።

ቢሉንና የገቢያችሁን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ቅጹን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንሞላለን።