አጋፋሪው አዳራሹን ሲለቅ፦ ሃራልድ ዜማን ከበርን በኋላ



የአንድ ሙዚየም የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ኃላፊ ሥራውን ሲለቅ ተቋሙ አጭር መግለጫ ያወጣል፤ ስላገለገለበት ዘመን ያመሰግነዋል፤ በአዲሱ ሥራውም መልካም ዕድል ይመኝለታል። ነገሩ የቅጥርና የስንብት ጉዳይ ሆኖ ይዘጋል። ዛሬ የማነሣው ስንብት ግን የሙያውን ትርጉም የለወጠ ነው። የስዊዘርላንዱ ሃራልድ ዜማን በ1969 የበርንን ኩንስትሃለ የለቀቀበትን ማለቴ ነው። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ልናገር። ኪዩሬተር የሚባለውን ባለሙያ «የዐውደ ርእይ አዘጋጅ» ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን «አጋፋሪ» የሚለውን እመርጣለሁ። አጋፋሪ በግብር ላይ እንግዳውን እንደ ማዕረጉ የሚያስቀምጥ ሰው ነበር። ድግሱም አዳራሹም የእርሱ አይደሉም፤ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ግን እርሱ ያውቃል። ጥያቄዬም ይኸው ነው፦ አጋፋሪ ከአዳራሹ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው?

ዜማን ኩንስትሃለውን መምራት የጀመረው በ1961፣ ገና 30 ዓመት ሳይሞላው ነው። ቤቱ ቋሚ ስብስብ ስለሌለው፣ ቃሉን ካጠበቅነው ሙዚየም አይባልም፤ ዐውደ ርእይ እየተተከለ የሚነቀልበት አዳራሽ ነው። በማርች 1969 «አመለካከቶች ቅርጽ ሲሆኑ» የተሰኘው ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ሪቻርድ ሴራ የቀለጠ እርሳስ ከግድግዳው ሥር ረጨ። ዮሴፍ ቦይስ በግድግዳው ሥርና ጥግ ስብ ለጠፈ። ሎውረንስ ዋይነር ከግድግዳው ላይ 91 ሴንቲሜትር በ91 የሚሆን ልስን ልጦ አነሣ፤ ሥራውም ያ የተላጠው ስፍራ ነበር። ማይክል ሃይዘር ደግሞ ከደጅ ያለውን ንጣፍ በሕንፃ ማፍረሻ ኳስ ሰባበረው። ከእነዚህ ብዙው በክፈፍ ተሰቅሎ፣ ተሸጦ፣ ወደ ግምጃ ቤት የሚገባ አልነበረም። ወጪውን የሸፈነው የትምባሆ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ነው። የዚያን ነጻነት ዋጋ ማን እንደከፈለ መጠየቅ ተገቢ ቢሆንም ሌላ ንግግር ይሻል።

ከተማው ተቆጣ። የአካባቢው ሠዓሊዎች የሚበዙበት ኮሚቴም ዜማን ለቦይስ ያቀደውን የግል ትርኢት አልተቀበለም። ዜማንም ለቀቀ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲነገር እነዚያ ሠዓሊዎች የጠባብነት ምሳሌ ይሆናሉ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልፈርድባቸውም፤ አዳራሹ ለእነርሱም ጭምር የተሠራ ነበርና፣ በገዛ ቤታቸው ወንበር ሲያጡ ዝም እንዲሉ መጠበቅ አይገባም።

አዲሱን ሥራ በማስታወቂያ አላገኘውም፤ ራሱ ፈጠረው። ሲተረጎም «የአእምሮ እንግዳ ሠራተኛ ወኪል» የሚመስል ስም ያለው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚሠራበት ድርጅት አቋቋመ። ጀርመንኛው «ጋይስቲግ» አእምሮንም መንፈስንም ይይዛል፤ «መንፈሳዊ» ብለው ቤተ ክህነት ይመጣብኛል፣ «አእምሯዊ» ብለው ይደርቅብኛል። «እንግዳ ሠራተኛ» የሚለው ግን ትርጓሜ አያሻውም፤ በጊዜው ከጣሊያንና ከሌሎች አገሮች ለጉልበት ሥራ የመጡ ሰዎች መጠሪያ ነበር። ስዊዘርላንድ በ1970 የውጭ ዜጎችን ቁጥር ለመገደብ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳለች። ዜማን የእነዚያን ሠራተኞች ስም ሲዋስ ቀልድም ድፍረትም ነበረበት። መከራቸውን ግን አልተዋሰም።

ከአዳራሽ የወጣው አጋፋሪ በ1972 በካሰል ከተማ ዶኩሜንታ 5ን መራ። በዚህ ጊዜ የተቃወሙት ሠዓሊዎች የበርን ሰዎች አልነበሩም። ሥራቸው መቼና እንዴት እንደሚታይ የመወሰን መብት የራሳቸው መሆኑን ከገለጹት ፈራሚዎች አንዱ በበርን እርሳስ የረጨው ሴራ ነበር። በ1969 ሳይጋበዝ በበርን ጎዳናዎች ባለመስመር ወረቀቶቹን ለጥፎ የታሰረው ዳንኤል ቡረን ደግሞ በካሰሉ ካታሎግ ውስጥ ዐውደ ርእዩ ራሱ የሥነ ጥበብ ሥራ ለመሆን እንደተነሣ ጻፈ። ተቋም ይገድበናል ይሉ የነበሩት ሠዓሊዎች አሁን ተቋም የሌለውን ሰው ሥልጣን ፈሩ። ፍርሃታቸው እውነት ነበረው ባይ ነኝ። ዳይሬክተርን ኮሚቴ ይጠይቀዋል። ራሱን የቻለውን አጋፋሪ ግን ማን ይጠይቀዋል?

ሆኖም በ1974 ያደረገውን ሳስብ ልቤ ይከፈላል። ከታላቁ ዶኩሜንታ በኋላ፣ በበርን በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ ከውጭ አገር መጥቶ በፀጉር ሥራ የኖረውን የአያቱን ዕቃዎች አሳየ። የሙያ መሣሪያዎቹን፣ የቤት ዕቃውን፣ የቤተሰቡን ቅርስ በጥንቃቄ ደረደረ። እዚህ ማንም ሠዓሊ ቦታ አልተቀማም፤ ድግሱም እንግዳውም የቤተሰብ ነበር።

በ1981 በነጻ ባለሙያነቱ እንደጸና ከዙሪክ ኩንስትሃውስ ጋር መሥራት ጀመረ፤ በ1999ና በ2001 የቬኒስን ቢየናሌ መራ፤ በ2005 አረፈ። በ2013 የፕራዳ ፋውንዴሽን የ1969ኙን ዐውደ ርእይ በቬኒስ በሚገኝ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንደገና ተከለው፤ የበርን ክፍሎች በልካቸው በቬኒሱ ክፍሎች ውስጥ ተሠሩ። ሊገኙ ያልቻሉት ሥራዎች ቦታቸው በተቆራረጠ መስመር ተከበበ። ተመልካቹ በባዶዎቹ ቅርጾች መካከል እየዞረ፣ ማን ከማን አጠገብ ተቀምጦ እንደነበር ያይ ነበር።