የግድግዳው ከሰል

  ዛሬ የመጣሁት ለምረቃቸው ጥቁር ካባ ለብሰው ከፊቴ ለተቀመጡት ልጆች ነው።

ልጆቼ፣ እኔ በዋግ ኽምራ የዝቋላ ቆላ ልጅ ነኝ። ሰቆጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት የማር ቅል ተሸክሜ በአባቴ ኋላ ዳገቱን ስወጣ ነው። የሰቆጣ ማር ነጭነቱን አገር ያውቀዋል። አባቴ ግን ከማሩ ይልቅ ስለ ቀፎዎቹ ጠባይ ማውራት ይወድ ነበር። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

የእኔ ሥራ ኬሚስትሪ ነው። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪክንም መልሰው ወደ ብርሃን የሚቀይሩ ኦርጋኒክ ቁሶችን እነድፋለሁ። ኦርጋኒክ ስል ያለ ማዳበሪያ የበቀለ ጤፍ ማለቴ አይደለም። በኬሚስትሪ ቋንቋ ኦርጋኒክ የሚባለው አጥንቱ ካርቦን የሆነ ነገር ነው፤ ቅቤው፣ ሰሙ፣ የኩራዙ ጋዝ፣ የእናንተም ሥጋ። አብዛኞቹ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፤ ሽቦ በፕላስቲክ የሚሸፈነው ለዚህ ነው። አንዳንዶቹ ግን ያስተላልፋሉ። ምሥጢሩ ካርቦኖቹ የተያያዙበት መንገድ ነው። አንድ ነጠላ ትስስር፣ አንድ ድርብ፣ ደግሞ አንድ ነጠላ፣ አንድ ድርብ እየተፈራረቀ ሲሄድ ኤሌክትሮኖቹ ባንድ ቦታ መቀመጡን ይተዉና በሰንሰለቱ ላይ ይመላለሳሉ። ብርሃን የሚውጡትም፣ ደማቅ ቀለም የሚኖራቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያሻም። በነሐሴ ልጃገረዶቻችን ወገባቸው ላይ የሚያስሩት የሻደይ ሣር አረንጓዴ የሆነው በዚህ ትስስር ነው። የበርበሬ ቅላትም ከዚሁ ነው። እናቶቻችን የደረቀ በርበሬ ፀሐይ ላይ እንዲሰነብት አይፈቅዱም፤ ይነጣላ! የሚነጣው ብርሃንና አየር ተባብረው ያን ተፈራራቂ ሰንሰለት ስለሚበጥሱት ነው። እኔ የምሠራቸውን ስስ የፀሐይ ሴሎች የሚገድላቸው አንዱ ትልቅ በሽታ ይኸው ነው። ብርሃን እንዲበሉ ተሠርተው፣ ብርሃን ከኦክስጅን ጋር አብሮ ይበላቸዋል። ስለዚህ እጃችንን በረጅም ጓንት አስገብተን ናይትሮጅን በተሞላ ሳጥን ውስጥ እንሠራቸዋለን፤ ከሠራናቸውም በኋላ በመስታወት እናሽጋቸዋለን። እናቴ በርበሬዋን በእንስራ ከድና ስታስቀምጥ የምታደርገውን ነው የምናደርገው።

በሥራችን የምንለካበትን ናኖ የሚለውንም ቃል ላፍታታው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮነኛ ክፋይ ነው። የምንሠራው ንብርብር ውፍረቱ 100 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ የራስ ፀጉር በመቶዎች እጥፍ ይወፍረዋል። እንዲህ የምንጨነቀው በምክንያት ነው። ብርሃን ሲገባ ኤሌክትሮኑ ከቦታው ይነሣል፤ ግን ትቶት ከተነሣው ባዶ ቦታ ወዲያው አይላቀቅም። ሁለቱ ተጣምረው ይንከራተታሉ። 10 ናኖ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚለያያቸው ድንበር ካላገኙ መልሰው ይገናኙና የገባው ብርሃን በከንቱ ይቀራል። የአበርገሌ ፍየል ጠባቂ ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ውሃው መንጋው ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ከራቀ ግጦሹ መልካም መሆኑ ምን ይጠቅመዋል? እኛም ውሃውን ወደ መንጋው እናቀርባለን። ኤሌክትሮን ሰጪውንና ተቀባዩን ቁስ ባንድ ፈሳሽ አሟሙተን፣ ሲደርቁ እንደ ድርና ማግ እርስ በርስ እንዲገባቡ እናደርጋለን። የትም ብትቆም የሁለቱ ቁሶች ድንበር ቅርብ ነው።

ንድፍ የምንለው ይህን ሁሉ ቀድሞ ማሰብ ነው። ሰንሰለቱ ላይ ምን ዓይነት ቅርንጫፍ ብቀጥል ይሟሟልኛል? ኤሌክትሮን ወዳዱንና ኤሌክትሮን ለጋሱን ክፍል ባፈራርቅ የትኛውን የፀሐይ ቀለም ይውጥልኛል? ሲደርቅስ ቶሎ ተሰባስቦ ይጓጉልብኛል ወይስ ይታገሠኛል?

ከዓመታት በፊት እንዲህ ሳስብ ቆይቼ አንድ ፖሊመር፣ ማለትም እንዲህ ያለ ረጅም ሰንሰለት የሆነ ቁስ፣ ሠራሁ። ከእሱ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሴል ከጠበቅሁት በላይ ሰጠች። ሁለተኛዋ ግማሹን ሰጠች። ሦስተኛዋ ምንም። አራት ወር ሙሉ ደጋገምሁት። በመጨረሻ ያን የመጀመሪያ ቀን ምን አድርጌ እንደነበር ለማየት ደብተሬን ገለጥሁ። በገዛ እጄ የጻፍሁት «እንደ ተለመደው ተዘጋጀ» ይላል። ፈሳሹን ስንት ሰዓት አሞቅሁት? ከየትኛው ጠርሙስ ቀዳሁት? ምሳ ልበላ ስወጣ ክፍት ትቼው ነበር? አልጻፍሁም። ያችን ሴል እስከ ዛሬ ዳግመኛ አላገኘኋትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንደ ተለመደው» የሚለውን ቃል ተማሪዎቼ ደብተር ላይ ሳየው ገጹን እንደገና አስጽፋለሁ። በዚህ ያማርሩኛል፤ ያማርሩኝ።

አሁን ወደ አባቴ ልመለስ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ቀፎዎቹ አርባ ያህል ነበሩ፤ በየገደሉና በየዛፉ የተበታተኑ። ከጎታው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል ይጭር ነበር። ለእያንዳንዱ ቀፎ አንድ ቋሚ መስመር አለው። ማር በቆረጠ ቁጥር ከመስመሩ ጎን ትንሽ ክብ ያኖራል። ጉንዳን ከገባ ነጥብ። ንቡ ከኮበለለ መስመሩን ባግድም ይሰርዘዋል፤ መስመሩን ግን አያጠፋውም፤ ከሥሩ ሌላ ይጀምራል። እኛ የማናውቃቸው ሌሎች ምልክቶችም ነበሩት። እናቴ ግድግዳዬን አበላሸህብኝ ብላ ስትቆጣ «ይኸ የእኔ ዳዊት ነው» ይላት ነበር።

አንድ ዓመት ባንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ቀፎ ኮበለለ። ጎረቤት ቡዳ በልቶብህ ነው አለው። አባቴ ምንም አልመለሰም። ማታ ኩራዙን በእጁ ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ። እኔ ከመደቡ ላይ ተኝቼ አየው ነበር። ኩራዙን ከታች ወደ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እያዞረ ብዙ አመሸ። በማግስቱ ጠዋት አስከተለኝና የተወሰኑ ቀፎዎችን አፋቸውን ከቆላው ነፋስ ወደ ዳገቱ አዞርን። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ የተሰረዙት መስመሮች በሙሉ፣ የዘንድሮዎቹም የድሮዎቹም፣ አፋቸው ወደዚያ ነፋስ የሚያይ ቀፎዎች መሆናቸውን ነገረኝ። በየዓመቱ አንድ ሁለት ይሄድ ስለነበር አንድም ሰው ልብ አላለውም። ግድግዳው ግን ሁሉንም ዓመት ባንድ ላይ አሳየው። በሚቀጥለው ዓመት ካዞርናቸው አንድም አልኮበለለም። ልጆቼ፣ በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ምርምር ያ ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ብዙ ቤተ ሙከራ ገብቻለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ትጋት አላየሁም።

አባቴ ሲያርፍ እኔ አዲስ አበባ ነበርሁ። ለአርባው ስደርስ ቤቱ ለተዝካሩ እንግዳ ተብሎ በጭቃና በእበት ተለስኖ ጠበቀኝ። ጎረቤት ተሰብስቦ በፍቅር የሠራው ሥራ ነው፤ ማንንም አልወቅስም። ከጎታው በላይ ያለው ግድግዳ ለስላሳ ነበር። እጄን ጫንሁበት፤ ገና እርጥብ ነው። ቀፎዎቹን ወንድሜ ወረሰ። የትኛው ዛፍ ለጉንዳን እንደሚያጋልጥ፣ የትኛው ገደል በድርቅ ዓመት እንኳ ማር እንደሚሰጥ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመረው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአርባው ዘጠኝ ቀረ።

በአባቴ ግድግዳ ላይ ይህን ያህል የቆየሁበት ምክንያት አለኝ፤ ያልተጻፈ ነገር አይደገምም። እኔን ለዛሬ ያበቃኝ የሳይንስ ዘርፍ ራሱ ከአንድ ስህተት ነው የተወለደው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ ቶኪዮ ውስጥ ሂዴኪ ሺራካዋ የሚባል ኬሚስት አሴቲሊንን ወደ ፖሊመር ይለውጥ ነበር። ብየዳ የተማራችሁ አሴቲሊንን ታውቁታላችሁ። ከኮሪያ የመጣ እንግዳ ተመራማሪ ሥራውን ሲደግም ሂደቱን የሚያፋጥነውን ማነቃቂያ ከሚገባው ሺህ እጥፍ ያህል ጨመረ። የተጠበቀው ጥቁር ዱቄት ነበር፤ በፈሳሹ ላይ የተንሳፈፈው ግን ብር የመሰለ ስስ ገለፈት ነው። ሺራካዋ ተበላሸ ብሎ አልደፋውም። ምን ያህል እንደ ተጨመረ አጣራ፤ ስህተቱንም ሆን ብሎ ደገመው። መድገም የቻለው መጠኑ ስለታወቀ ነው! ኋላ አሜሪካ የሚሠራው አላን ማክዲያርሚድ ጃፓን ሄዶ ያን ገለፈት ሲያይ ሺራካዋን ወደ አሜሪካ ጋበዘው፤ ከአላን ሂገር ጋር ሆነው አዮዲን ሲያስነኩት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ በ10 ሚሊዮን እጥፍ ያህል አደገ። ሥራቸው በ1977 ታተመ፤ በ2000 ሦስቱም የኬሚስትሪ ኖቤል ተቀበሉ። በ1987 ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በኮዳክ ኩባንያ ከስስ ኦርጋኒክ ንብርብር ብርሃን አወጡ፤ በ1990 ካምብሪጅ ውስጥ ያው በፖሊመር ተሠራ። ዛሬ ከእናንተ የአንዳንዳችሁ ስልክ ስክሪን የሚበራው በዚህ ዘር ነው።

የእኛም አገር ሰዎች ከዚህ ሥራ ሩቅ አይደሉም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ተከተል ዮሐንስ በ1990ዎቹ ከስዊድኑ ተመራማሪ ኦሌ ኢንጋናስ ጋር ብርሃን የሚቀበሉ ፖሊመሮችን አጥንተዋል። ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ፖሊመሮቹን እየነደፉ ሠርተዋል፤ ዶክተር ሽመልስ አድማሴ ሴል አድርገዋቸው ጠባያቸውን ፈትሸዋል። አባይ ጋዲሳም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በ2006 ስዊድን ሊንሾፒንግ ላይ በእነዚሁ የፀሐይ ሴሎች ዶክተር ሆኗል። በአራት ኪሎ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ፖሊመር ስዊድን ሄዶ ይለካ ቢባል ምን ያስፈልገዋል? የሚሄደው ቁሱ ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደ ተሠራ የሚናገረው ገጽም አብሮ መሄድ አለበት። ያ ገጽ ከሌለ ቁሱ ቀለም ያለው አቧራ ነው።

እውነቱን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፤ ነገ ጣሪያችሁ ላይ ሶላር ብትሰቅሉ ሲሊከን ነው የምትሰቅሉት፤ ትክክልም ነው። ሲሊከን ለመቅለጥ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ አንዴ ከተሠራ ግን 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። የእኛው ኦርጋኒክ ሴል በቤተ ሙከራ ከሚያርፍበት ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ደርሷል፤ ዕድሜው ግን ገና አጭር ነው። በሌላ በኩል ቀላል ነው፤ ይታጠፋል፤ እንደ ቀለም ተሟሙቶ ይታተማል። ከፊታችን ያለው ሥራ ዕድሜውን ማርዘም ነው፤ ለዚያ ደግሞ ብርቱ ፀሐይ ያለበት መፈተኛ ያስፈልጋል። የዋግ ኽምራን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። በድርቅ ያስለቀሰችን ፀሐይ ናት። አንድ ሴል በሰቆጣ ጣሪያ ላይ በስንት ቀን እንደሚደክም በየዕለቱ የሚመዘግብ አንድ ታማኝ ልጅ፣ ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች የሌላቸው ነገር ይኖረዋል። ይህን ለማድረግ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

አሁን ትንሽ ልቆጣችሁ። ሁሉን ነገር በስልክ ፎቶ ታነሣላችሁ፤ ከፎቶው ሥር ግን አንድ ቃል አትጽፉም። ስልኩ ሲሰበር፣ ሲሰረቅ፣ ሲሸጥ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የተቃጠለ ሞተር ስትጠግኑ የተቃጠለበትን ምክንያት ጻፉ። የሂሳብ ባለሞያ ከሆናችሁ ያልገጠመላችሁን ሂሳብ አትደልዙት፤ ባንድ መስመር ሰርዛችሁ ከሥሩ ትክክለኛውን ጻፉ፤ የተሳሳተው ይነበብ። በአማርኛ ጻፉ፤ በኽምጣኛ ጻፉ፤ በሚቀናችሁ ጻፉ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ነው የሚያበጁት። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ እንደ በርበሬው አይነጣም፤ ጽሑፋቸው ዛሬም ይነበባል። የአባቴም ከሰል ካርቦን ነበር። ጠላቱ ፀሐይ አልነበረም።

እናንተ ወላጆች፣ እናንተን ደግሞ እለምናለሁ። በየቤታችሁ ያለ አሮጌ ወረቀት፣ የዕቁብ መዝገብ፣ የአያት ደብተር፣ ግድግዳ ላይ ያለ ጭረት ከመጥፋቱ በፊት ለእነዚህ ልጆች አሳዩአቸው።

ልጆቼ፣ ለስጦታ ብዙ አቅም የለኝም። ስትወጡ በበሩ በስተ ግራ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ተቀምጧል። ከስማችሁ በፊት የዛሬውን ቀን ጻፉበት።