ወደ ሰማዕታቱ መታሰቢያ ስለምናደርገው ጉዞ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከደብረ ታቦር ተነሥተን በወረታና በባሕር ዳር አድርገን፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረን አዲስ አበባ ለመሄድ ማሰባችንን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በወጣው ፕሮግራም ላይ ግን አንድ ቅር ያሰኘን ነገር አለ። ይኸውም በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ዳር ለተከፈተው ለቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር የተመደበለት ጊዜ ከምሳ በፊት ያለችው ግማሽ ሰዓት ብቻ መሆኗ ነው።

በዚያ ቤት የሚታየው ዘውድና ካባ አይደለም። ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም፣ የሟቾች ልብስ፣ ግድግዳ የሞላ ፎቶግራፍ ነው። ብዙዎቹ የእኛ እኩዮች ነበሩ። በዚያ ዘመን እንደዚህ ያለች ወረቀት አባዝታችኋል፣ በትናችኋል ተብለው ተጠርጥረው የሞቱ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። አደባባዩም ራሱ ምስክር ነው፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደም የመሰለ ነገር የተሞላ ጠርሙስ የሰበሩት እዚያው ነው። በዚያው ወር፣ በሜይ ዴይ ዋዜማ፣ በአዲስ አበባ በመቶ የሚቈጠሩ ወጣቶች ተገደሉ።

እኛ የደብረ ታቦር ሰዎች እንግዳ ሲመጣብን ጋፋት ወስደን፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተሠራው እዚህ ነው ብለን ደረታችንን እንነፋለን። መልካም ነው። በመላኩ ተፈራ አስተዳደር ጊዜ በጎንደር ክፍለ ሀገር ያለቁትን ልጆች ነገር ግን ለእንግዳ ይቅርና እርስ በርሳችንም አናነሣም፤ ከተማችንም የዚያው ክፍለ ሀገር ከተማ ነበረች። ስለዚህ ጉዞው ከየቤታችን ይጀምር እንላለን። ከመሄዳችን በፊት እያንዳንዳችን አባትን፣ አክስትን፣ ጎረቤትን እንጠይቅ። እናት «ተወኝ ልጄ» ካለች ግን እንተዋት፤ ለእኛ ጉብኝት ሲባል ቁስሏ አይነካም።

ንባብም ያስፈልጋል። ኢሕአፓም በከተማ ሰው ይገድል እንደ ነበረ፣ መኢሶንም ከደርግ ጋር ቆሞ ቆይቶ በኋላ ራሱ መመታቱን ሳያውቁ መግባት፣ አልቅሶ መውጣት ብቻ ይሆናል። ለማልቀስማ ያን ያህል መንገድ ባላስፈለገን!

ስለዚህ ለቤተ መዘክሩ ሙሉ ጧት ይሰጠው። በአፅሙ ፊት ፎቶግራፍ መነሣት ይቅር። ከሰዓት በኋላም ሌላ ነገር አይያዝ፤ መርካቶ በማግሥቱ ይደረስበታል። ቀኑ የሚቈረጠው የመንገዱ ሰላም ሲረጋገጥ ስለሆነ፣ እስከዚያው ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።