ከሸንኮራው ማሳ የተነሣ ድምፅ

ከወላይታ ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ወርደው፣ በተቃጠለ ሸንኮራ ጥላሸት ጠቁረው አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ አባቶች ብዙ ናቸው። ከወንጂ የሠራተኛ ማኅበር የተነሡት አቶ አበራ ገሙ፣ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከእሳቸው በኋላ ማኅበሩን የመሩት አቶ በየነ ሰለሞን ደግሞ የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ አስጀመሩ። ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት ይመሥረት አለ፤ አቶ በየነም ታሰሩ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! በሠራተኛ ስም ፖለቲካ የሚገባ ሁሉ አቶ በየነ የከፈሉትን ዋጋ ያስብ፤ እናንተም የማኅበራችሁን መሪ ስትመርጡ፣ በክፉ ቀን አብሯችሁ የሚቆመውን ምረጡ።