ወደ ኮኪት ለሚወርድ መንገደኛ



ለመንግሥት ሥራ ወደ ኮኪትና ወደ መተማ የምትወርዱ ሁሉ ይህን አስቡበት። ጎንደር 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ በአይከልና በገንዳ ውኃ አልፎ የሚደረስባት መተማ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች። ካፖርቱ ከቤት ይቅር፤ አጎበሩ ግን አይቅር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን ጦርነት፣ በክልሉም ግጭት ስለ ተነሣ፣ የመንገዱን ሁኔታ ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

ወባን የማያውቅ የለም። ካላዛርን ግን የደጋ ሰው እምብዛም አይጠረጥረውም። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ ታንሳለች፤ ስትበርም ድምፅ አታሰማም። ቀን በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ተሸሽጋ ትውልና ሌሊት ትናከሳለች። ስለዚህ ለነፋሱ ብሎ ከግራር ሥር ማደር ደግ አይደለም፤ አጎበሩም መድኃኒት የተነከረ ይሁን።

ወባ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ሲገለጥ፣ ካላዛር ለወራት ተደብቆ ሊቈይ ይችላል። ጉዞው ተረስቶ፣ የውሎ አበሉም ሒሳብ ተወራርዶ ካለቀ በኋላ ትኩሳት ይነሣል፤ ሐኪሙም ከከተማ ያልወጣ ሰው መስሎት ሌላ በሽታ ይፈልጋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢሰማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመርመሩ፤ ሳትጠየቁም «መተማ ወርጄ ነበር» በሉ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፎ ሰውነት ቢከሳና ጣፊያ ቢያብጥ ይልቁንም አትዘግዩ። ካላዛር ካልታከሙት ይገድላል፤ በጊዜ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምና ማዕከል ይገኛል።