ከሰልስት በኋላ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በግንቦት ወር ወደ ቨርጂኒያ ባሕር ዳርቻ ስላደረግነው ጉዞ "ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ለወፍ ማያ ዋለ" መባሉን ሰምተናል። የቫኑን ኪራይና ቤንዚኑን የከፈልነው አሥራ አንዳችን ከየኪሳችን ነው፤ ከካዝናው አንድ ዶላር አልወጣም። ሳናማክራችሁ በማኅበሩ ስም መሄዳችን ግን ስህተት ነበር፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለምን እንደሄድን ደግሞ ስሙን።

ከእህቶቻችን አንዷ ባለቤቷን ካጣች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። ስሜን አትጥሩ ስላለችን አንጠራውም። ያኔ እንደ ወጉ ቤቷ ተሰብስበን አበሰልን፣ አለቀስን፣ ሰልስት ሲወጣ ተበተንን። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በቀር የትም አልወጣችም። ልንጠይቃት ስንሄድም ወሬው ሁሉ ስለ ሟቹ ይሆንና አስለቅሰናት እንመለሳለን።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይዘናት ተነሣን። ሲነጋጋ ቺንኮቲግ ከተማ ደረስን፤ ከዚያ በድልድይ ወደ አሳቲግ ደሴት ተሻገርን። እዚያ ያለው የዱር እንስሳት መጠለያ እ.ኤ.አ. በ1943 የተቋቋመው ለተጓዥ ወፎች ነው። ኩሬውን የሚዞረው መንገድ እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ለመኪና ዝግ ስለሆነ ፔርሙሳችንንና ድፏችንን ይዘን በእግር ገባን። ግራጫ ሽመላ ውሃው ውስጥ ቆሞ ዓሣ ሲጠብቅ አየን። ቢንቢው ግን አይጣል ነው፤ መከላከያ ሳትቀቡ እንዳትሄዱ።

ረግረጉ ዳር የዱር ፈረሶች ይግጣሉ። አንዷ ጀርባ ላይ ነጭ ወፍ ቆማለች። ያቺ እህታችን ከሁላችን ቀድማ አየቻትና "ሳቢሳ! የኛዋ ሳቢሳ!" አለች። ልጅ ሆና ከብት ስትጠብቅ ከላሞቹ ኋላ አንበጣ እየለቀመች የምትከተለዋን ወፍ በአንድ እይታ ለየቻት። እውነትም ሳቢሳ ከአፍሪካ አትላንቲክን በራሷ ክንፍ ተሻግራ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ደቡብ አሜሪካ የገባች ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ፍሎሪዳ ውስጥ ጎጆ ሠርታ ተገኘች።

እህታችን ከዚያ በኋላ አላቆመችም። ስለ ከብቶቹ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ወንዙ አወራችን፤ ሳቀችም። በመጨረሻ ስለ ባለቤቷ ያነሣችው ራሷ ናት። እኛ ወፎቹን እያየን ዝም ብለን ሰማናት።

አንድ ነገር እንጨምር። እነዚያ ፈረሶች የቺንኮቲግ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሐምሌ ወር ውርንጭላ በጨረታ እየሸጡ ሥራቸውን ያካሂዳሉ። ይህን ስንሰማ ከእናቶቻችን አንዷ "ይሄማ እድር ነው" አሉ።

የኛም እድር ቀብርና ሰልስት ላይ በርትቷል፤ ከሰልስት በኋላ ግን ሐዘንተኛዋን ብቻዋን ይተዋታል። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው፦ በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዞ ይኑረን። ወጪውን ተጓዦቹ እንቻል፤ ሐዘን ላይ ያለች እህት ግን አትክፈል። የቀብሩ ገንዘብ አይነካ። ዛሬ ተወያይታችሁ በድምፃችሁ ወስኑ።