በሥራ ላይ ለሞቱ ፖሊሶቻችን መታሰቢያ
(በእድራችን ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)

እኛ ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ ትምህርት የለንም። ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ ስለፈጀን የምናውቀው መዝገብ ነው፤ ዛሬም የምናነሣው የመዝገብ ነገር ነው።

እንደምታውቁት በ1960 ዓ.ም. አገራችን ታውኮ ነበር። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ። የቢቸናና የሞጣ አውራጃ ገበሬ ግን «ዛሬ እህሌን ይገምታሉ፣ ነገ መሬቴን በቀላድ ለክተው ርስቴን ይነጥቁኛል» ብሎ ሠጋና ገማቾቹን አላስገባም አለ። የጊዜው ጠቅላይ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ፖሊስና ነጭ ለባሽ ታዘዘ፤ ነገሩ እየከፋ ሄዶ በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ተደረሰ። በመጨረሻ ጃንሆይ ጠቅላይ ገዥውን አነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። በመካከሉ ግን ከገበሬውም ከፖሊሱም ሰው አልቋል።

እኛ ያን ጊዜ ቢቸና ልጆች ነበርን። አንድ ቀን በሞጣ መንገድ በኩል አንድ ፖሊስ በቃሬዛ ተይዞ ሲመጣ አየን። ከሩቅ አገር ተዛውሮ የመጣ ነበር። ዘመድ አልነበረውምና ያለቀሱለት ቤት ያከራዩት እናት ብቻ ናቸው። ለሞተው ገበሬ ግን አገር አለቀሰ፣ ተፎከረ፣ ተገጠመ። ይህ ተገቢ ነው፤ ለርስቱ የሞተ የእኛው ሰው ነው። ፖሊሱስ? ግብሩን እሱ አላወጀው። እሱም የደሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሂድ ተባለ፣ ሄደ፣ ሞተ።

ኋላ እኛም አድገን በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆንን። አሮጌ መዝገብ ወደ አዲስ ስንገለብጥ «አንድ ፖሊስ ሞቷል» የሚል አገኘን። የጠመንጃው ቁጥር አንድም ሳይጎድል ተጽፏል፣ የሰውየው ስም ግን የለም። እኛም ስሙ ማን ነው ብለን ሳንጠይቅ እንዳለ ገለበጥነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ከተማ በ1984 ዓ.ም. የተመረቀ የፖሊሶች መታሰቢያ ግድግዳ አለ። በሥራ ላይ የሞቱት ከ20,000 በላይ ፖሊሶች ስም ተቀርጾበታል፤ በየዓመቱም ይጨመርበታል። እኛ ግድግዳ የምንሠራበት ገንዘብ የለንም። መዝገብና እስክሪብቶ ግን አናጣም።

ደግሞም ፖሊስ የሚሞተው ጦርነት ሲሆን ብቻ አይደለም። ሌሊት ጠብ ሊገላግል ይገባል፣ ደመኛ ከደመኛ ሊለይ በመሐል ይቆማል፣ ነፍሰ ገዳይ ሊይዝ ቆላ ይወርዳል። እኛ ተኝተን ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ውጊያም ብዙ ወገን አልቋል፤ ፖሊሶችም ከሞቱት ውስጥ ናቸው። ማን ልክ ነው፣ ማን ጥፋተኛ ነው ብሎ መፍረድ የእድር ሥራ አይደለም። የእድር ሥራ መቅበርና ማጽናናት ነው። ድንኳናችን «የማን ወገን ነህ?» ብሎ ጠይቆ ተተክሎ አያውቅም፤ ወደፊትም አይጠይቅ።

እንግዲህ ለጉባዔው የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ በሥራ ላይ የሞቱ ፖሊሶች ስም ከነአባታቸው፣ ከነትውልድ አገራቸው፣ የሞቱበትም ቀን በእድሩ መዝገብ ይጻፍ። የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ይጠየቁ። በ1960 የሞቱት ገበሬዎችም በዚያው መዝገብ ይግቡ፤ አፈሩ አንድ አድርጓቸዋልና እኛ አንለያያቸው።

ሁለተኛ፣ ተዛውሮ የመጣ ፖሊስ የመዋጮ ጊዜው ሳይሞላ በሥራ ላይ ቢሞት፣ እንደ ሙሉ አባል ተቆጥሮ ለሚስቱ የሚገባው ይሰጥ። ጥይቱ የመዋጮ ወር ቆጥሮ አይመጣም።

ሦስተኛ፣ ከአርባው በኋላ ሐዘንተኛዋን አንርሳት። ሠልስት ላይ ሰው ይበዛል፤ ችግሩ የሚመጣው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። የአንድ ዓመት መዋጮዋ ይማርላት፣ ልጆቿም ትምህርት እንዳያቋርጡ የሚከታተል ሰው ይመረጥ።

ገንዘብ ያዣችን «ሣጥኑ ሳሳ» እንደሚሉን እናውቃለን። እውነታቸውን ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ነገር ሳንቲም አያስወጣም፤ ስም መጻፍ ብቻ ነው። ከዚያ እንጀምር። ያን ጊዜ ሳንጠይቅ የገለበጥነውን ስም ዛሬ የሚያውቅ ካለ፣ ብዕሩን ይዘን በር ላይ እንቆያለን።

ፈጣሪ የሞቱትን ነፍስ ይማር፣ ለእኛም ሰላሙን ይስጠን።